በመድን ቅጹ ላይ ሰባተኛው ጥያቄ

...ደግሞ ሄሊኮፕተር፣ ከመርከብ ላይ ሰው በሄሊኮፕተር ይነሣል ትላለች የመድን ቢሮዋ ልጅ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ሦስተኛው ውል ይሻልዎታል እናቴ፣ አንደኛው ሻንጣ ቢጠፋና ጉዞ ቢዘገይ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው የመርከቡን ሐኪም ይሸፍናል፣ ሦስተኛው ግን ወደብ ላይ ሆስፒታል ቢገቡ፣ ቢተኙ፣ ወደ ቤት ቢመለሱ፣ ሁሉንም፣ ቢመለሱ ስትል ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣ በእግር መመለስ ይሁን ተኝቶ አልጠይቃትም፣ ግርጌው ላይ በደቃቁ ተጽፏል፣ የአስከሬን ማጓጓዣን ያካትታል፣ መዳፌን አሳርፍበታለሁ፣ ማን እንዳያየው እንደሆነ እንጃ፣ ክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር ሰው የለም።

ባሌ ታች ነው። መኪና ማቆሚያ ጠፍቶ መሪውን እንደያዘ ተቀምጧል፣ አንቺ ግቢና ሙዪው፣ እኔ ብዕር ስይዝ እጄ መፍቻ የያዘ ይመስለዋል አለኝ። ልወርድ በሩን ስከፍት ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል፣ ስሚ ማዞሪያ፣ የልብ የሚለውን የለም በይ።

ማዞሪያ። የስልክ ማዞሪያ ላይ ስሠራ ያወጣልኝ ስም ነው። በስሜ የሚጠራኝ ሲናደድ ብቻ ነው፣ በአርባ ዓመት ውስጥ ስሜን የሰማሁት በጣት በሚቆጠር ቀን ነው።

ገጽ ሦስት፣ ጥያቄ ሰባት። መድን ገቢዋ ወይም አብሯት የሚጓዘው የትዳር ጓደኛ ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ሥር ሕክምና አድርገዋል? አዎ፣ የለም፣ ሁለት ሳጥን፣ አንዳንድ የሽንብራ ፍሬ የምታክል፣ በዚህች ውስጥ ነው እንግዲህ ሰውዬው ከነልቡ የሚገባው። ውሸት እኮ አይደለም አለኝ ትናንት፣ ሞተሩ ተፈትቶ ተገጥሟል፣ ከአዲስ ይበልጣል፣ ያለፈ ነገር አልፏል፣ ልብ ብለሽ ከጻፍሽማ ከመርከቡ ያስቀሩናል፣ ልጃችን ስንት ደጅ ጠንታ የቆረጠችው ቲኬት ነው፣ ምን ብለን ዓይኗን እናያለን። እሱስ እውነቱን ነው። ቲኬቱን ስትሰጠን እሷን አላየሁም፣ እሱን ነው ያየሁት፣ ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አይቶ ወደ ጓዳ ገባ፣ ውሃ ልጠጣ ብሎ፣ ብርጭቆው ማዕድ ላይ ነበር።

ግድግዳው ላይ መርከብ ተሰቅሏል፣ ነጭ፣ እንደ ሰርግ ቤት መብራት በመብራት። ስንት ዓመት በጆሮዬ ሳውቃት የኖርኩት መርከብ መልኳ እንዲህ ኖሯል? የወደቡ መስመር የእኔ ነበር፣ አሥራ ሁለት ሴቶች ከፍ ባለ ወንበር ላይ በአንድ ረድፍ፣ ጆሯችን ላይ ማዳመጫ፣ ፊታችን ቀዳዳ የሞላው ሰሌዳ፣ መብራቷ ብልጭ ስትል ገመዱን መሰካት፣ ሃሎ ማንን ላገናኝዎት፣ ኃላፊዋ ከኋላችን ጫማዋን ቋ ቋ እያደረገች፣ የሰማችሁትን አልሰማችሁም፣ ያልሰማችሁትን እንዳትጨምሩ። የወደቧ ልጅ ስታናግረኝ ከጀርባዋ የመርከብ ጥሩምባ ይገባል፣ ወፍራም፣ ረጅም፣ ሆድ ውስጥ የሚቀር ድምፅ፣ ሥራዬን ትቼ ዝም ብዬ የማዳምጥበት ቀን ነበር። ባሕርን ሰማሁት እንጂ አላየሁትም።

እሱም በዚያው በጆሮዬ ነው የገባው። ያኔ በሰው ጋራዥ ተቀጥሮ ይሠራል፣ እባክሽ እህቴ የመለዋወጫ መደብሩን፣ መስመሩ ተይዟል፣ ግድ የለም እጠብቃለሁ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ዝም አይል፣ ዛሬ ጉንፋን ይዞሻል፣ ትናንት የት ሄደሽ ነው ሌላ ሴት ያነሣችው፣ እኔ ደግሞ ጨዋ ነኝ፣ ይጠብቁ እለዋለሁ፣ ይጠብቁ! አንድ ቀን፣ ወንድሜ፣ ይህ መደብር እኮ ከተዘጋ ሁለት ወር አልፎታል አልኩት። አውቃለሁ አለ። አውቃለሁ ብሎ አረፈው፣ ሳቄ አመለጠኝ፣ ኃላፊዋ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

ስለ ጥሩምባው የነገርኩት በተጋባን ሰሞን ነው፣ አንድ ክፍል ቤት፣ አንድ ፍራሽ፣ መጋረጃችን የእኔ ነጠላ፣ አሳይሻለሁ አለ፣ የራሴን ጋራዥ ልክፈት ብቻ። ከፈተ። ልጅ መጣች፣ ትምህርት ቤቷ፣ የጣሪያው ማፍሰስ፣ የእናቱ መታመም፣ ባሕሩ እንደሆነ ቦታው ላይ ነው የት ይሄዳል እያልን፣ ባሕሩስ የትም አልሄደ፣ እኛ ነን የሄድነው። ያችን አንድ ክፍል ቤት ግን ዛሬም ቢሰጡኝ፣ በሩ የማይገጥመው፣ እሱ ሲመጣ የዘይት ሽታው ቀድሞት የሚገባው፣ ሳሙናውን ደጅ አስቀምጬለት፣ እጅህን ሳትታጠብ እንዳትነካኝ፣ ነክቶኝ ነው የሚታጠበው።

እናቴ፣ ውሃ ላምጣልዎት? አይ የእኔ ልጅ፣ ኑሪልኝ፣ ሳስብ ነው። ያስቡ፣ አይቸኩሉ።

አምና፣ ቀትር ላይ፣ ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። እግሮቹ ከመኪናው ሥር ወጥተው አየሁ፣ ምሳ መጥቷል ውጣ፣ ዝም፣ ይበርድብሃል እኮ፣ ዝም፣ ሲሠራ ልማዱ ነው ብዬ ሳህኑን አስቀመጥኩ፣ ወንበር ስቤ የጎረቤታችንን ጉድ ጀመርኩለት፣ ከዚያ የልጃችንን፣ አንድ ቦታ ላይ ራሴ ሳቅሁ፣ ስንት ደቂቃ እንዳወራሁ እሱ አንድዬ ይወቀው። በመስማት እንጀራዋን የበላች ሴት፣ ዝምታውን አልሰማሁትም። ልቡ ይዞት ራሱን ስቶ ነበር፣ ሆስፒታል ወስደን ደረቱን ከፍተው አተረፉልኝ። ይህንን ነው የለም በይ የሚለኝ።

ስልክ ቤት ሳለሁ ትደውል የነበረች ያቺ ሴትዮስ፣ ባሏ መርከበኛ የነበረው፣ በሰው አገር ወደብ ታሞ አውርደውት፣ አሥራ አንድ ቀን ያንኑ ሆስፒታል አገናኘኋት፣ መልሱልኝ ትላለች፣ ማን ኃላፊነት ወስዶ ይመልሰው ይሏታል፣ እኔ ልውሰድ ትላለች፣ አንቺ ማነሽ ይሏታል፣ ሚስቱ ነኝ፣ ሚስትነት አይበቃም እመቤት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አልደወለችም። የሰማሽውን አልሰማሽም፣ ሰምቼ ነበር እንጂ፣ ይኸው እስከ ዛሬ።

ልጄ፣ እላታለሁ፣ ሰው የለም ብሎ ጽፎ በኋላ ቢታወቅበትስ? ቀና ትላለች፣ ዓይኗ ልክ እንደ ልጃችን ነው፣ ክፉ ነገር ሊናገር ሲል እርጥብ የሚል። ውሉ ይፈርሳል እናቴ። ሆስፒታሉ የድሮ መዝገብ ይጠይቃል፣ ያኔ ሦስተኛውን ቢገዙም ምንም አንሸፍንም፣ መሃል ባሕር ላይ ብቻዎን ነዎት።

ብቻዬን። በቃ። የሰው ቃል ሳልቀንስ ሳልጨምር አገናኝቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ለእሱ ብዬ ደግሞ በስተርጅና ውሸት አልጀምርም፣ ይኮርፍ፣ ሦስት ቀን ነው ኩርፊያው፣ ከዚያ ጨው የት አለ ብሎ ይጀምራል። አዎ። ብዕሩ ወረቀቱን ወጋው።

ጎሽ ትላለች ልጅቷ፣ ገጹን ትገልጣለች፣ ባለፉት ስድስት ወራትስ፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር? የለም፣ እላለሁ፣ ይህን በሙሉ አፌ፣ የለም ልጄ፣ ደህና ነው፣ መድኃኒቱንም ራሴ ነኝ የምሰጠው፣ እና አንድ ነገር እሰማለሁ፣ ከኋላዬ፣ ከበሩ፣ ትንፋሽ ነው፣ አጭር፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል፣ ከመሃሉ ፉጨት ያለበት፣ ሳልዞር አወቅሁት፣ ሁለተኛ ፎቅ ነን፣ ቤታችን ደረጃ የለውም፣ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሚተነፍሰው?

አለ፣ ይላል።

ምን አለ?

ሕመሙ። አለ። ከባለፈው ወር ጀምሮ ነው፣ ዳገት ላይ፣ ሁለቴ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ፣ አንዴም ቁጭ ብያለሁ። ለልጅቷ ነው የሚነግራት፣ እኔን አያየኝም፣ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞታል፣ ታች ተቀምጬ ሳስበው ከነከነኝ፣ ይላል፣ እሷን ውሸት ማስተማሬ ነው እኮ፣ እሷን።

ለምን ደበቅኸኝ?

ባሕሩን እንዳትሰርዢው ነዋ። ሳላሳይሽ ብሞትስ።

አንተ ጅል፣ ሳታሳየኝ ብትሞት ባሕሩን ምን ላደርገው ነው፣ ልጠጣው? ጮህኩ መሰለኝ፣ ልጅቷ ወንበር ስባ ታስቀምጠዋለች፣ ብዕሯን ትከድናለች፣ ዛሬ አልፈርምልዎትም አባቴ፣ የሐኪም ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ አይተው ይችላል ካሉ ሦስተኛውን ከነልብዎ እጽፍልዎታለሁ፣ አይችልም ካሉ ጉዞውን ለሌላ ወር ለማስተላለፍ እኔ ራሴ እጠይቅልዎታለሁ፣ ግን ዛሬውኑ ይታዩ፣ ነገ አይበሉ። መርከቡ ሊነሣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። ይነሣ። የእኔ ሰውዬ እንደ ልጅ እሺ ይላታል፣ ለእኔ እንዲህ እሺ ብሎኝ አያውቅም።

ቁልፉን አምጣ። እነዳለሁ እኮ። አትነዳም፣ ታክሲ እንይዛለን። መኪናውን መንገድ ላይ ነው ያቆምኩት፣ ይቀጡናል። ይቅጡን። ሰጠኝ፣ የሞቀ ቁልፍ፣ ላቡ ያለበት።

ደረጃውን እንወርዳለን፣ እሱ በመደገፊያ ብረቱ በኩል፣ እኔ በግድግዳው፣ በፊት ሁለት ሁለቱን ይዘል የነበረ ሰው፣ እኔ ቀስ በል እያልኩ ከኋላው፣ አሁን እግሩን አንድ ያወርዳል፣ ሌላውን ያመጣል፣ መዞሪያው ላይ ስንደርስ፣ ቆይማ ትንሽ፣ ይላል። ቆይማ ብሎኝ አያውቅም፣ አርባ ዓመት፣ ሲያመውም ሲደክመውም፣ ሂጂ እደርስብሻለሁ ነው የሚለው። እቆማለሁ። እጄን በብብቱ ሥር አስገባለሁ፣ ልቡ በክንዱ በኩል ትመጣለች፣ ቸኩላለች፣ ቦርሳ የያዘች ሴት ይቅርታ ብላ ታልፈናለች፣ አናፍርም።

ስንት ደረጃ ቀረን? እላለሁ፣ እንዲያው አፌን ላፍታታ ብዬ።

አሥራ አራት፣ ይላል።

ሲወጣ ቆጥሯቸዋል። አንድ በአንድ እየቆጠረ ነው የወጣው፣ ብቻውን፣ አሥራ አራት፣ እሺ፣ አሥራ አራት ምን አላት፣ ስትፈልግ ንገረኝ፣ አልቸኩልም።