የመጨረሻው ዴስክ

ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ መደብደብ ሲጀምር መምህርት የኔነሽ የክፍልፋይ ትምህርቱን መሀል ላይ አቋርጣ ጠመኔዋን አስቀመጠች። ጊንጆ ሰፈር እንዲህ ሲዘንብ ማስተማር የለም፤ ድምፅ አይሰማም። ጋዎኗን ወንበር ላይ ጥላ ወደ መምህራን ክፍል ሮጠች።

"የአፊፋ እናት የምትመጣው ዛሬ ነው አይደል?" አላት መምህር ኤልያስ።

"ዛሬ ነው። ትውሰዳትና መስማት የተሳናቸው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ቦታ እስኪገኝላት ቤቷ ትቆይ። እዚህ ምን ታገኛለች?"

"ማርክ ነዋ! አንቺ እያደልሻት።"

"ስልሳ ልጅ ይዤ ምን ላድርግ? ከኋላ አስቀመጥኳት፣ በጥያቄ አላስጨንቃትም፣ ፈተና በመጣ ቁጥር ማለፊያ እሰጣታለሁ። ከዚህ በላይ እንዴት ይታዘናል?"

እናትየው ለጢፋ ራሷ ላይ ላስቲክ ጣል አድርጋ በር ላይ ደረሰች። ሁለቱ ሴቶች በጣሪያው ጥግ ጥግ ወደ ክፍሉ ሄዱ። የኔነሽ ትርምስ ጠብቃ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ግን እግሯ ቆመ።

አፊፋ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። ጋዎኑን ለብሳዋለች፤ እጅጌው ጣቶቿን ሊውጥ ደርሷል። በእጅ ምልክት ትጠይቃለች፣ ልጆቹም በእጅ ምልክት ይመልሳሉ። መቼ ተማሩት? የተሳሳተውን ወገቧን ይዛ ታፈጥበታለች። ቁርጥ የኔነሽን!

"ቤትም እንዲሁ ናት፣ ወላሂ!" ብላ ለጢፋ የኔነሽ ጆሮ ላይ ጮኸች።

አፊፋ ዴስኮቹን አንድ በአንድ እየጠየቀች የመጨረሻው ጋ ደረሰች። በራሷ ቦታ ላይ ተማሪው ሰሚር እሷን ሆኖ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። አንገቷን ዘንበል አደረገች። ከንፈሯን መጠጠች። ጭንቅላቱን ቸብ ቸብ አድርጋ፣ በሀዘኔታ ፈገግ ብላ፣ ሳትጠይቀው አለፈች። ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ።

የኔነሽ ክው አለች። ያንን ፈገግታ ታውቀዋለች። በየቀኑ የምትፈግገው እሷ ናት፤ ከፊት ለፊት አይታው ግን አታውቅም።

ልጆቹ አዩዋት። ሳቁ ጠፋ። አፊፋ ጋዎኑን እየተጣደፈች አወለቀች። ዝናቡም መለስ እያለ ነበር።

"ቲቸር፣ እንግዲህ ልውሰዳት?" አለች ለጢፋ።

የኔነሽ ወደ ሰሌዳው ሄደች። ሰሌዳው ላይ ግማሽ ሲደመር ሩብ ጻፈችና ጠመኔውን ለአፊፋ ዘረጋችላት። ልጅቷ ለማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም አልነበረም። ወደ ፊት መጥታ ጠመኔውን ተቀበለችና በጥንቃቄ ሁለት ስድስተኛ ብላ ጻፈች።

የኔነሽ እጇ በልማዱ ወደ ልጅቷ ጭንቅላት ተነሣ። መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀዩን ጠመኔ አነሣችና መልሱ ላይ ትልቅ ኤክስ አሰመረችበት።

"ኧረ! ተሳሳተች እንዴ?" አለች ለጢፋ።

"አዎ፣ ተሳሳተች።"

አፊፋ አፏን ከፍታ ኤክሱን ታያለች። ኤክስ ሰጥቷት የሚያውቅ ሰው የለም።

"ታዲያ... ልውሰዳት?"

"ሳታርም የት ትወስጂያታለሽ?" አለች የኔነሽ፤ መልሱን በመዳፏ አጥፍታ ወደ ነጩ ጠመኔ እንደገና ጠቆመቻት።