የቨርጂል ኮቴ

በሬዲዮ ድራማ ሰው የሚታወቀው በኮቴው ነው። ቺካጎ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በሚተላለፈው የፌዴራል መርማሪዎች ድራማ ላይ ድምፅ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ሌባውም መርማሪውም የሚራመዱት በእኔ ጫማ ነው።

አንድ ሳምንት ባንክ ዘራፊው ከሌሎቹ እንዲለይ ብዬ ሊፍቱን እያንቀሳቀሰ የሚያወጣንንና የሚያወርደንን የቨርጂልን አካሄድ ሰረቅሁ፤ አንድ ጠንካራ እርምጃ፣ ከዚያ ጎተት። ቨርጂል ከልጅነቱ ጀምሮ ግራ እግሩን ያነክሳል። ሥራዬ ስላማረልኝ ደስ ብሎኝ ሳለ፣ ድራማው ሲያልቅ የአንድ እውነተኛ ተፈላጊ መልክ እንደሚነበብ ዘነጋሁት። «ዕድሜው ሃምሳ ገደማ፣ ቀጭን፣ ጸጉሩ ገብስማ።» አድማጩ መልኩን ከኮቴው ጋር ገጠመው። ቨርጂል ደግሞ ልክ እንዲያ ነው።

በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ባርኔጣ የሚሠሩት ሚስስ ፕሩት ከእሱ ጋር ከመሳፈር በደረጃ መውጣት ጀመሩ። የሕንፃው አስተዳዳሪም «እስከ ሌላው ዓርብ ሰዉ ካልተረጋጋ ትሰናበታለህ» አለው።

«ጉድ የሠራሁህ እኔ ነኝ» አልኩት ቨርጂልን፣ አፍሬ።

«የራሴን ኮቴ የማላውቅ መሰለህ? ሚስቴ ሬዲዮኑን ሰምታ ‹ቨርጂል መጣ› ብላ በር ልትከፍት ተነሣች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ!»

ሳቀ። ሳቁ አንጀቴን በላው።

አዘጋጁን ኬስለርን በአየር ላይ ይቅርታ እንጠይቅ ብዬ ለመንኩት። «መርማሪ ይቅርታ አይጠይቅም፤ ሂድ ጫማህን አዘጋጅ» ብሎ አባረረኝ።

ማክሰኞ ደረሰ። ድራማው በቀጥታ ስለሚተላለፍ አንዴ የወጣ ድምፅ አይመለስም። ጽሑፉ «መርማሪው ይገባል» ይላል። ጫማዬን አጠለቅሁ፤ አንድ ጠንካራ እርምጃ፣ ከዚያ ጎተት። ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስታወት ጀርባ ኬስለር ጭንቅላቱን ያዘ። መርማሪውን የሚጫወተው ሊላንድም አፈጠጠብኝ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ሊላንድ ግን በየሳምንቱ በቨርጂል ሊፍት የሚወጣ ሰው ነው፤ ወዲያው ገባውና ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለ።

«እግሬን አትዩት፤ ያቺ ድልድዩ ላይ የመታችኝ ጥይት ናት። አረማመዴን እንጂ ሥራዬን አልቀየረችም።»

ኬስለር ሊያባርረኝ ሲመጣ ስልኮቹ ይጮኹ ነበር። የሚደውለው ሁሉ የሚጠይቀው የመርማሪው እግር እንዴት እንደሆነ ነው። ኬስለርም አንድ ስልክ አንሥቶ «እየተሻለው ነው» ሲል ሰማሁት።

ዓርብ ጠዋት አስተዳዳሪው ታች ቆሞ ሰዉን ይመለከታል። ሚስስ ፕሩት ደረጃውን ትተው የቨርጂልን ሊፍት ጠበቁ። አስተዳዳሪው ይህን አይቶ ወደ ቢሮው ገባ። እኔም ሚስስ ፕሩትን ተከትዬ ተሳፈርኩ። በሩ ሲዘጋ ሚስስ ፕሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያምዎታል እንዴ?» አሉት።

ቨርጂል ወደ እኔ ዞር አላለም። «ሲበርድ ብቻ ነው፣ እመቤቴ» አለ።

በሃምሳ ዓመት ዕድሜው ሁሉ ስለ እግሩ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።