ፍንጭቴን መልሱልኝ

ፊቴ በከተማው ግድግዳ ሁሉ ላይ በተለጠፈ ማግስት ወንድሜ ፊት ነሳኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር፣ አለዚያ ሰፈሩ የራሱን ጨምሮበት ያወራዋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ ማስተካከል ነው፤ የሰፋውን አጠባለሁ፣ የጠበበውን አሰፋለሁ፣ የረዘመውን አሳጥራለሁ። ለሱቄ በር ሰሌዳ ላሠራ ብዬ ማዶ ያለው ፎቶ አንሺ ዘንድ ሄድኩ። «ሳቅ በይ» አለኝ፣ ሳቅኩ። ሰሌዳው እስከ ዛሬ አልደረሰም። ፎቶው ግን ደርሷል፤ ገዢው ፓርቲ ለምርጫው ባሳተመው ፖስተር ላይ፣ የአንሶላ እጥፍ አክሎ፣ ከሥሩ «ክፍተቱን ሁሉ እንሞላለን» ተብሎ ተጽፎበት።

አልዋሽም፣ መጀመሪያ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ክርና ቁልፍ ልገዛ ስሄድ አንዲት ቆንጆ ሴት ከግድግዳ ላይ ትስቅልኛለች። የት ነው የማውቃት እያልኩ ቀረብ ስል መጀመሪያ ያወቅኩት የሸሚዟን አንገትጌ ነው፤ በገዛ እጄ የሰፋሁት ነው። ፊቴን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ማዲያቴ የለም። ከዓይኔ ሥር ያለው መሸብሸብ የለም። እነዚህንስ እንኳን አጠፉልኝ ብዬ በሆዴ አመሰገንኩ። ወደ አፌ ስወርድ ግን ፍንጭቴም የለም። ሰፈሩ ስሜን ረስቶ «ፍንጭት» እያለ የሚጠራኝ፣ በሁለቱ የላይ ጥርሶቼ መሀል ያለው ፍንጭቴ፣ ጭቃ እንደተመረገበት ቀዳዳ ድፍን ብሏል።

ፍንጭት ለእኛ ቤት ቀልድ አይደለም። እናታችን ቤትም ወርቅም አልተወችልንም፤ ለእኔና ለወንድሜ ያወረሰችን እሱን ነው። እሷ ከሞተች በኋላ ያሳደገኝ ወንድሜ ነው፤ ከእሱ ሌላ ዘመድ የለኝም። የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ባለፈው ምርጫ ሰሞን ክፍል ውስጥ የማይባል ነገር ተናገረ ብለው ወሰዱት። ሲመለስ ሥራውም የለም፣ የፊት ጥርሶቹም የሉም። «ወድቄ ነው» አለ። ማን እንደጣለው አልጠየቅኩትም። ከዚያ ወዲህ ሲያወራ እጁን አፉ ላይ ይደርባል፣ ሳቅ የሚባል ነገርም ትቷል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ግድግዳ መርጠው ትልቁን ፖስተር የለጠፉት የት መሰላችሁ? ከእሱ መስኮት ፊት ለፊት፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ።

ስልክ ደወልኩ፣ ለቀናት አላነሳም። ሄጄ በሩን አንኳኳሁ፣ አልከፈተም።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«አይቼሻለሁ» አለኝ ከውስጥ። «ጠዋት ጠዋት መስኮቴን ስከፍት አይሻለሁ። ይበቃኛል።»

«ሳይጠይቁኝ ነው እኮ የለጠፉኝ። የእነሱ ሰው እንዳልሆንኩ አጥተኸው ነው?»

«የሰጠሽውን ሰጥተሻል። ሂጂ በቃ።»

ደረጃው ላይ ቆሜ የፓርቲ አባል እንዳልሆንኩ፣ ስብሰባ ረግጬ እንደማላውቅ ስምል ስገዘት ቆየሁ። ለእንጨት ነው የማልኩት።

ሱቅም ብመለስ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ። አንዱ ደንበኛዬ ሱሪውን ሳላሳጥርለት ተቀበለኝና እንዳጣጠፈው ሄደ፤ ደህና ዋይ እንኳ አላለኝም። ሌላው ደግሞ የሚሰፋ ነገር ሳይኖረው ይመጣል። አትክልት ሻጯ ጎረቤቴ በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያቺን የውሃ ነገር ጣል አድርጊላቸው እስቲ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጠብ አላለችም» አለችኝ።

«ለማን ነው ጣል የማደርገው?»

«አይ እንግዲህ፣ ከእኔም ትደብቂያለሽ?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ። ምኑን ነው የምደብቅሽ?»

«እሺ፣ ይሁንልሽ» ብላ ተኮሳትራ ተነሳች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው። አንዷ የልጇን የሥራ ማመልከቻ ልታስይዘኝ መጣች፤ አልቀበልም ስላት ሥልጣን አናቷ ላይ ወጣ ብላ ስታማኝ ዋለች። ቀሚስ ልታስለካ የመጣች ደግሞ መስታወቱ ውስጥ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «በፖስተሩ ላይ ግን ታምሪያለሽ» አለችኝ። መርፌዎቹን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ወገቧን ለካሁ።

ፎቶ አንሺው ዘንድ ገባሁ። ገና ሳየው ደሜ ፈላ።

«ፊቴን ለምን ሰጠህብኝ?»

«የሕዝብ ፊት አምጣ አሉኝ፣ ያንቺን ሰጠኋቸው። እምቢ ብል ነገ ሱቄን ያሽጉታላ።»

«ጥርሴንስ ለምን ደፈንከው?»

እንደ ማፈር አለ። «እሱ ከመፈክሩ ጋር አይሄድም አሉ። ክፍተቱን ሁሉ እንሞላለን ተብሎ ከላይ ፍንጭት ሲታይ፣ ሰው ይስቃል አሉ። እኔ እንኳ ማዲያትሽን ልተወው ብዬ ነበር።»

ከዚያ ወደ ፓርቲው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የተባለው ሰው ጨዋ ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ ቀዳልኝ። ታሪኬን ራሱን እየነቀነቀ ሰማና ከጠረጴዛው ላይ ትንሽ ፖስተር አንስቶ ከፊቴ ጎን አደረገው።

«እህቴ፣ ይቺ ሴት እኮ አንቺ አይደለሽም።»

«እንዴት አይደለሁም?»

«እዪው እንጂ። እሷ ፍንጭት የላትም፣ አንቺ ግን ክፍተት አለብሽ።»

«የሞላችሁት እናንተ ናችኋ።»

«ክፍተት እንደምንሞላ ካመንሽማ ደጋፊያችን ነሽ ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። የሱ ጥርስ ሙሉ ነው።

«እንግዲያው እኔ እንዳልሆንኩ ለወንድሜ ይንገሩልኝ።»

«የቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ አንገባም» አለኝ።

እየሄድኩ ከራሴ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ሰፈሩ ሁሉ አንቺ ነሽ ይለኛል፤ አይደለሽም የሚለኝ የለጠፈኝ ሰው ብቻ ነው። ወንድሜ ዘንድ እኔ ነኝ፣ ቢሮው ዘንድ እኔ አይደለሁም። የምታምረዋ እሷ፣ የምትሰደበዋ እኔ። ሱቄ ገብቼ መስታወቱ ፊት ቆምኩና ከንፈሬን ገለጥኩ። ፍንጭቴ ቦታው አለ። እንዲህ ለአንዲት ቀዳዳ ዓይኔ እንባ ይሞላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መቀሱን አነሳሁ። ከተረፈ የኮት ገበር ላይ ጥቁር ቁራጭ ቀደድኩ፤ ልኩን በዓይኔ ነው የያዝኩት፣ የገዛ አፌ አይደል። ሙጫዬንና በርጩማዬን ይዤ ወደ ፌርማታው ሄድኩ። እኩለ ቀን ነው፣ ሰው አውቶቡስ ይጠብቃል። በርጩማው ላይ ወጥቼ ጨርቁን በሁለቱ ትልልቅ ጥርሶች መሀል ለጠፍኩትና በመዳፌ ተጫንኩት።

«ይኸው፣ አሁን ገና መሰለች» አለ አንድ ሰው ከኋላዬ። ተሳሳቁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። ፖሊስ ነው፣ ገና ወጣት።

«ያለ ልኩ ያጠበቡትን እያሰፋሁ ነው።»

«የመንግሥት ፖስተር ማበላሸት ወንጀል መሆኑን አታውቂም?»

«ፖስተሩ የመንግሥት ይሁን። ፊቱ የእኔ ነው።»

እኔን አየ፣ ፖስተሩን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ። ይሄኔ ሰው ገለል ገለል አለና ወንድሜ በነጠላ ጫማ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። በመስኮት ሲያየኝ ነበር። እጁ አፉ ላይ ነው።

«እስቲ አፍሽን ክፈቺ» አለኝ።

«ምን?»

«ክፈቺ ስልሽ።»

ከፈትኩ። ጥርስ ሐኪም ይመስል ጎንበስ ብሎ አየኝ።

«አልተደፈነም?»

«ማን ደፈነው?»

«እኔ እኮ የእውነት ያስደፈንሽው መስሎኝ ነው።» አለ። «ፖለቲካውን ተዪው፣ የእነሱ ሰው እንዳልሆንሽ ካንቺ በላይ አውቃለሁ። የእኔን ወሰዱት። እማዬ የቀረችው ያንቺ አፍ ውስጥ ብቻ ነበር። እሷንም ለእነሱ ብለሽ፣ በገዛ እጅሽ...» አልጨረሰውም።

ማልቀስ ነበረብኝ፣ የመጣብኝ ግን ንዴት ነው። «በር ብትከፍት እኮ ታየው ነበር። በር መክፈት ብቻ። ከሁሉም ጋር ስናቆር የከረምኩት አንተ ዘንድ ለመግባት ነው።»

«ልክ ነሽ» አለ። «ደደብ ነኝ።»

ቀና ብሎ ፖስተሩን አየ። ያ ሁሉ ያማረ ፊት፣ መሀሉ ላይ የኮት ገበር፣ ከሥሩ «ክፍተቱን ሁሉ እንሞላለን»። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ ብዬ ልይዘው ስል፣ ለካ እየሳቀ ነው። የሳቁ ብዛት እጁን ከአፉ ላይ አወረደው፤ ባዶ ድዱ ለአውቶቡስ ጠባቂው ሁሉ ታየ።

ፖሊሱም አየው። ልጁ ክፋት የለውም፣ አዝኖ ነው የጠየቀው።

«ጋሼ፣ ጥርስዎ ምን ሆነ? ወድቀው ነው?»

ወንድሜ ፖስተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ የልጁን የደንብ ልብስ አየ። እጁን ወደ አፉ አልመለሰም።

«አልወደቅኩም» አለው።