የአልቶ ወረቀት

ወረቀቱን አቃጥይው ተብዬ ነበር። ከዚህ ብጀምር ይሻላል፤ ኋላ ራሴን ንጹሕ አድርጌ እንዳላወራ። ጋሽ ተክሌ አሰሳ ሊመጣ ነው፣ ያላችሁን ወረቀት ዛሬውኑ ምድጃ ውስጥ ክተቱ ብለውናል። ሌሎቹ አቃጠሉ። እኔ አሰፋች፣ አፌ የማያርፍ፣ ጆሮዬ የማይሰማ፣ ትራሴ ውስጥ ሰፋሁት።

ጋሽ ተክሌ እኔ በምሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ። በልጅነታቸው ከሚሲዮን ፈረንጆች ኖታ ተምረው የጸሎት ቤታችንን መዘምራን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። አብዮቱ መጥቶ ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ ከሠላሳ ሰው አራት ቀረን፤ እሳቸው ቴነር፣ ሸማኔው ጀቤሳ ወፍራሙን ባስ፣ እትዬ ያለምወርቅ ቀጭኑን ሶፕራኖ፣ እኔ ከሶፕራኖ ሥር ያለችውን አልቶ። እሁድ ከሰዓት አቃቂ በሰቃ ጀቤሳ ቤት ተሰብስበን በሹክሹክታ እንለማመዳለን። የጅቡቲ ባቡር በጓሮው ሲያልፍ ብቻ ድምፃችንን እንለቃለን። ባቡሩ ካለፈ እንደገና ሹክሹክታ ነው።

የምንዘምረው የሃንደልን ነው። ሃንደል ጀርመን ተወልዶ ሎንደን የኖረ፣ ኦፔራ ሲጽፍ ቆይቶ ቲያትር ቤቱ ሲከስርበት የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ያለ ትወና፣ በድምፅ ብቻ ያስዘመረ ሰው ነው። ኦራቶሪዮ ይሉታል። ጋሽ ተክሌ ስለ እሱ ሲያወሩ የጎረቤታቸውን ሰው የሚያነሱ ነው የሚመስለው። በስተርጅናው ዓይኑ ጠፍቶ እንኳ ሥራውን አልተወም ይሉና ዓይናቸው እንባ ያቀራል።

እኛ ኖታ ስለማናነብ ዶን አንድ፣ ሬን ሁለት፣ ሚን ሦስት እያሉ በቁጥር ይጽፉልናል፣ በተበላሸ የፋብሪካ ቅጽ ጀርባ። ለእያንዳንዳችን የየራሳችንን ድምፅ ብቻ። የሌላውን ካያችሁ በሌላው ትወሰዳላችሁ ይላሉ። ዜማው የሶፕራኖ ነው። አልቶ ምን አላት? አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ አራት፣ አምስት። ሲያናድደኝ ኖሯል። ግን ባቡሩ እያለፈ አራታችን ስንገጥም፣ ያቺ አምስት ደረቴን ስትሞላው፣ ምን ልበላችሁ፣ የዚያን ዓመት ፍርሃት ሁሉ እረሳዋለሁ። ለዚህ ነው ያላቃጠልኩት።

ሐሙስ ጠዋት አሰሳው መጣ። ትራሱን በሳንጃ ቀደዱት። ካድሬው ከኔ ብዙ የማይበልጥ ልጅ ነው፤ ቁጥሮቹን ሲያይ ፊቱ በራ። የመሣሪያ ቁጥር ነው ወይስ የሰው? አለኝ። መዝሙር ነው አልኩት። የማን? የሃንደል። ሃንደል የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ ነው አለኝ። ሞቷል አልኩት። ማን ገደለው አለኝ። ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል ስለው ያላገጥኩበት መሰለውና በጥፊ አጮለኝ። ታዲያ ማን ጻፈው ሲለኝ፣ አፌን ይቁረጠውና፣ ጋሽ ተክሌ አልኩ። ሰው ስንቱን ተገርፎ አልተናገረም። እኔ በአንድ ጥፊ።

በዚያው ቀን ጋሽ ተክሌን ከፋብሪካ አውጥተው የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ቆለፉባቸው። እኔን ለቀቁኝ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እስረኛ የሚወስድ መኪና ይመጣል፣ ወረቀቱ መዝሙር ከሆነ መጥተሽ አሳዪኝ፣ ካልሆነ ሰውዬው ይጫናል አለኝ ካድሬው። በዚያ ዓመት የተጫነ ሰው አይመለስም ነበር።

ወደ እትዬ ያለምወርቅ ሮጥኩ። ዜማው ያለው እሳቸው ጋ ነው፤ እሳቸው ከመጡ ማንም ሰምቶ መዝሙር መሆኑን ያውቃል። በሩን ገርበብ አድርገው አዩኝ። ባላቸው በፊተኛው አሰሳ ተወስደው ቀርተዋል፣ ሦስት ልጆቻቸው ከኋላቸው ይታዩኛል። እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው።

“የኔ ልጅ፣ እኔ ዘምሬ አላውቅም” አሉኝና ዘጉት።

ደጃቸው ላይ ቆሜ ያልተሳደብኩት ስድብ የለም። ፈሪ አልኳቸው፣ ከሃዲ አልኳቸው።

ጀቤሳ ግን ሁለት ጊዜ አላስለመነኝም። በማግስቱ ጫማውን ጠርጎ፣ የእሁድ ኮቱን ለብሶ ደጄ ላይ አገኘሁት።

ካድሬው የቀበሌው በረንዳ ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ተቀምጧል። መኪናው ሞተሩን አላጠፋም። ቁጥሩ ከፍ ሲል ድምፅም ከፍ ይላል ብዬ አስረዳሁትና ጀመርን። አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ አምስት። ጀቤሳ ከሥሬ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ይላል። ጥበቃዎቹ ሳቁ። ካድሬው ይሄ መዝሙር ነው? አለ። እውነቱን ነው፣ እኔም ብሆን አላምንም። አልቶና ባስ ብቻቸውን ሲሆኑ ከወፍጮ ድምፅ አይሻሉም።

ጨነቀኝና የሶፕራኖውን ዜማ ያዝኩ። ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰነጠቀ፣ ግን ዜማ ነበር፤ ጥበቃዎቹ ሳቃቸውን ተዉ። ካድሬው ግን ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ እየተከተለኝ ነው። ሞኝ አይደለም።

“ቁሚ” አለ። “አሁን ያልሽው እዚህ ላይ የለም። እዚህ ያለው አምስት ብቻ ነው።”

ምን ልበለው? ወረቀቱን ስዘምር መዝሙር አይመስልም፣ መዝሙሩን ስዘምር ወረቀቱ ላይ የለም። ሌላም ወረቀት ነበረ ብዬ ብነግረው፣ ማን ጋ ነው ሊለኝ ነው።

ያኔ ከመጋዘኑ ውስጥ የጋሽ ተክሌ ድምፅ መጣ። የራሳቸውን ቴነር አልነበረም የያዙት፣ የኔን ነው። አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ አራት፣ አምስት። እኔ ዜማውን አነሳሁ፣ ጀቤሳም ገባ። ባቡር ሳያልፍ ድምፃችንን ስንለቅ የመጀመሪያችን ነው። የካድሬው ጣት ከጋሽ ተክሌ ድምፅ እኩል ወረቀቱ ላይ ሄደ። መስመሩ ሲያልቅ ድምፃቸውም አለቀ።

“መዝሙር ነው” አለ ካድሬው።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። በቃ፣ ተፈቱ አልኩ በልቤ።

እስረኛውን አምጡት አለ። ጋሽ ተክሌ ዓይናቸውን ከፀሐይ እየከለሉ ወጡ።

“አንተ” አላቸው፣ አባቱ የሚሆኑትን ሰው። “ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ድምፅ ነው፣ የሰማሁት ሦስት። የቀሩት ወረቀቶች ማን ጋ ናቸው? ስንት ናችሁ?”

ጋሽ ተክሌ እኔንም ጀቤሳንም አላዩንም።

“ሁሉም የኔ ነው፣ የቀረውንም ያቃጠልኩት እኔ ነኝ” አሉ። “እነዚህን ልጆች የፋብሪካው በዓል ዝግጅት ነው ብዬ አታልዬ ነው ያስጠናኋቸው። ምንም አያውቁም።”

ካድሬው ወደኔ ዞረ። “እውነት ነው? አታውቂም?”

ጀቤሳ ጫማውን ያያል። ያ የማያርፍ አፌ መልሱን አላጣም።

“አላውቅም” አልኩ።

ጋሽ ተክሌን ክንዳቸውን ይዘው ጫኗቸው። መኪናው ወደ ቃሊቲ ታጠፈ፤ ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም።

ስመለስ በእትዬ ያለምወርቅ ደጅ አለፍኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ትናንት ፈሪ፣ ከሃዲ ያልኳቸውን ሴት ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም፤ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።