እንከን የለሽ እህቴ

በእኛ ቤት መጥፎ ሰው ሞቶ አያውቅም። አባዬ የመቃብር ድንጋይ ቀራጭ ነው፤ እማዬ ደግሞ ድንጋዩ ላይ የሚጻፈውን ታዘጋጃለች። ሟቹ በሕይወቱ ሠፈሩን ሲያምስ የኖረ ቢሆንም እማዬ እጅ ሲገባ ይጸዳል። ሚስቱን እየደበደበ ጎረቤት ሲያስነሳ የኖረ አንድ ሹፌር ነበር። ሲሞት «የቤቱ ምሰሶ፣ የሚስቱ መከታ» ተብሎ በወርቃማ ቀለም ተጻፈለት። ሚስትየዋ ድንጋዩን ልትረከብ መጥታ አነበበችው፤ ቆም ብላ ደግማ አነበበችውና «ይኼ የማን ነው?» አለች። እማዬ ቅንጣት ሳታፍር «የእርስዎ ነው እንጂ» ብላ አስፈረመቻት።

እማዬ ለዚህ ሥራ አንድ ወፍራም ደብተር አላት። የእናቶች ሙገሳ ከፊት፣ የሽማግሌዎች መሀል፣ የወጣቶች መጨረሻ ላይ ነው። ሰው በሞተ ቁጥር ጣቷን ምላሷ ላይ እያስነካች ትገልጠዋለች፤ የገጾቹ ጥግ በምራቅ ጠቁሮ ተጠቅልሏል። አቀብዪኝ ስትለኝ በቀሚሴ ጫፍ ይዤ ነው የማቀብላት። ይህን የማወራው ሰው ለማማት አይደለም፤ በእህቴ ላይ የሠሩትን እንድትረዱልኝ ነው። እሺ፣ ትንሽ ለማማትም ነው።

እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። የግንባታ ምህንድስና መማር ትፈልጋለች። ቋምጣ የመረጠችው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ውጤት ብቻ አይበቃውም፤ ጽሑፍ ይጠይቃል። ጥያቄው አንድ ነው፦ የሠራሽውን አንድ ስህተት ጻፊ፣ ከዚያስ ምን አደረግሽ? ከሥሩ «ጽሑፉን ልጄ ራሷ እንደጻፈችው አረጋግጣለሁ» የሚል የወላጅ ፊርማ ቦታ አለ። ያለዚያ ፊርማ ትምህርት ቤታችን ማመልከቻውን አይቀበልም። ማስረከቢያው ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ነበር።

ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ሰብስቦ ልጆቻችሁን አግዙ አላቸው። ምነው ባላላቸው። እማዬ ከስብሰባው እንደተሾመ ሰው ሆና ተመለሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ የምታመለክተው እህቴ መሆኗ ቀረ፤ «እናመለክታለን»፣ «ምህንድስና እንገባለን» ሆነ ወሬው። ለአክስቴ በስልክ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ልንገባ ነው ስትላት ሰምቼ፣ ማደሪያ ክፍልሽ ስንተኛ ፎቅ ደረሰሽ ብዬ ጠየቅኳት። ነጠላ ጫማዋን ወረወረችብኝ። አልመታኝም።

ማክሰኞ ከሰዓት የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ያዙት። አባዬ ከሥራ እንደመጣ እጁን ሳይታጠብ ተቀመጠ፤ ከቅንድቡ የሚረግፈው የድንጋይ ዱቄት ሻዩ ውስጥ እየገባ ይጠጣል። እማዬ በማመልከቻው ጥግ ጥርሷን ትጎረጉራለች። ማመልከቻ እኮ ነው። እህቴ የራሴን እጽፋለሁ ብላ መኝታ ክፍል ስለገባች፣ በእሷ ኮምፒውተር ላይ እንድጽፍላቸው እኔን አስቀመጡኝ። እማዬ ደብተሩን ከመጨረሻው ገለጠች። ከወጣቶች ገጽ።

«ጻፊ» አለችኝ። ጻፍኩ። እህቴ ለታላላቆቿ ታዛዥ፣ ለታናናሾቿ መጠጊያ፣ ለደከመው ምርኩዝ፣ ላዘነው እንባ አባሽ ሆነች። ታናሿ እኔ ነኝ፤ መጠጊያ ቀርቶ ካልሲዋን አታውሰኝም። እንባ አባሽ የሚለውን ባለፈው ወር የአንዲት ነርስ ድንጋይ ላይ አይቼዋለሁ። እህቴን በቁሟ እየቀበርናት ነው አልኩ። አባዬ «አንቺ ምላሳም፣ ዝም ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

ስህተቱ ጋ ስንደርስ ሁለቱም ቆሙ። እማዬ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠችው፤ ስህተት የሚባል ነገር የለውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለሰው ስትጽፍ አንድም ቀን ጥፋት ጽፋ አታውቅም፤ ድንጋይ ላይ ማን ያጽፋል? አባዬ አፍንጫውን በመዳፉ ጠረገና መዳፉን እያየ አሰበ። በመጨረሻ «ስህተቴ ራሴን ረስቼ ለሰው ከልክ በላይ ማሰቤ ነው» በይ ተባልኩ። ከዚያስ ምን አደረግሽ ለሚለው፣ «ይህንኑ አጠናክሬ ቀጠልኩ»። ቋቅ አለኝ። ግን ጻፍኩት፤ እኔም እጄ አለበት።

አባዬ እዚያው ፈረመ። ልጄ ራሷ እንደጻፈችው አረጋግጣለሁ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ልጁ በግድግዳው ማዶ ተቀምጣ የራሷን እየጻፈች።

እህቴ በሌላ ቅጽ ላይ የጻፈችውን ረቡዕ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አኖረችላቸው። ነገሩ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ልጅ ድንጋይ ነው። ሴትዮዋ ዳቦ ቤቷ ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው፤ እማዬ በየጠዋቱ ዳቦ የምትገዛው ከእሷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጇ ታማ ሞተችባት። ድንጋዩን የቀረጸችው እህቴ ነበረች፤ አባዬ ቁጥር ቁጥሩን ለእሷ መተው ጀምሮ ነበር። የትውልድ ዓመቱ መጨረሻ ሦስት መሆን ሲገባው ስምንት አድርጋ ቀረጸችው። ሦስትን ስምንት ማድረግ ቀላል ነው፤ ስምንትን ሦስት ለማድረግ ግን የተቆፈረውን መሙላት ያስፈልጋል። ትክክለኛው መንገድ ሌላ ድንጋይ መቅረጽ ነው። አባዬ የድንጋይ ዱቄት በሙጫ ለውሶ ሞላው፣ በአሸዋ ወረቀት አሸው፣ ለሴትዮዋ አስረከባት። ለእህቴም ድንጋይ አይናገርም አላት።

ዝናብ ሲመታው ሙጫው ይለቃል። ሙጫው ሲለቅ ሦስቱ ተመልሶ ስምንት ይሆናል፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጅ አሥራ አራት ዓመት ትሆናለች። እህቴ ደግሞ ዝናብ በዘነበ ማግስት ከትምህርት ቤት ወጥታ፣ በመድኃኒት ብልቃጥ ሙጫና ዱቄት ይዛ መቃብር ቦታ ትሄዳለች። አንድ ቀን የወንድ ጓደኛ ይዛ ይሆናል ብዬ ተከተልኳት። ድንጋዩ ላይ ተንበርክካ ቁጥሩን በጥፍሯ ስታለሳልስ አየኋት። ጓደኛ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ድንጋዩ ከተሰጠ ወዲህ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ስታልፍ አይቻት አላውቅም፤ በኋላው መንገድ ትዞራለች።

ይህንን ነው የጻፈችው። አንድም ሙገሳ የለበትም። አባዬ አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን እንደ ትኩስ ነገር ወደ እማዬ ገፋው። እማዬ ሱቃችንን ልትዘጊ ነው ወይ፣ ያበላሽሽው አንቺ የምትወቅሽው አባትሽን ነው ወይ፣ ሰው ሰምቶ ማን ድንጋይ ያሠራናል ብላ ጮኸች። እህቴ አልጮኸችም። እናንተ የጻፋችሁትን አላስገባም፣ ይህን ፈርሙልኝ አለች። አባዬ ወይ የፈረምኩትን ታስገቢያለሽ ወይ ቤት ትቀሪያለሽ አላት። እሱም አልጮኸም። ይህን ሲላት ሻዩን እያማሰለ ነበር፤ ያ ማማሰሉ ከእማዬ ጩኸት ይበልጥ አስጠላኝ።

ሐሙስ ሆነ። እማዬ መሀል ገብታ ላስማማ አለች፦ የእኛን አስገቢ፣ እኛ ደግሞ ለሴትዮዋ አዲስ ድንጋይ እንሠራላታለን፣ ለቆዩ ደንበኞች የሚሰጥ ስጦታ ነው ብለን። እህቴ ለአፍታ ያሰበችበት መሰለኝ፤ ዓይኗን አየሁት። ምክንያቱም ነገ ዓርብ ነው፣ ምህንድስናው ደግሞ አንዴ ካመለጠ ዓመት ይጠበቃል። ከዚያ ተነስታ ጫማዋን አደረገች። ተከተልኳት።

በፊት ለፊቱ መንገድ ሄደች። ዳቦ ቤቷ ሴትዮ ባዶ መደርደሪያ እየጠረገች ነበር። እህቴ ከበሩ ሳታልፍ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስምንቱን፣ ሙጫውን፣ ዝናቡን። እንደ ትምህርት በቃሏ ያጠናችው ይመስል ነበር፤ መጨረሻው ላይ ብቻ ድምጿ ተሰበረ።

ሴትዮዋ ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠች። «አይቼዋለሁ» አለች። «በመጀመሪያው ዝናብ ነው ያየሁት።»

እህቴ የበሩን መቃን ያዘች። እኔም።

«እንዴት የልጄን ዓመት አላውቅም? አባትሽ መጥቶ ይነግረኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እናትሽ በየጠዋቱ እዚህ ትመጣለች፣ ዛሬ ትነግረኛለች እላለሁ። ዳቦውን አንድ በአንድ ጨምቃ ትኩሱን መርጣ ትሄዳለች።»

«እትዬ፣ እኔ አዲስ እቀርጽልዎታለሁ። በእጄ።»

«ትቀርጪልኛለሽ፣ እሺ። እሱ ግን መጥቶ ይንገረኝ። ከአንቺ አልጠበቅኩም ነበር፣ ልጄ፤ ከእሱ ነው የጠበቅኩት።» ከዚያ እኔን አየችኝና ዳቦ አልቋል አለች፤ ምን እንደምትለኝ ጠፍቷት ይመስለኛል።

ቤት ስንደርስ እህቴ ቃል በቃል ነገረቻቸው። እማዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ትላንትም እኮ ስቃልኛለች» አለች። «ስለ ጉልበቴ ጠይቃኛለች።» ያዘነች መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ያስጨነቃት ለሁለት ዓመት መታየቷ ነው፣ መዋሸቷ አይደለም። አባዬ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባ። ውሃው ረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማን። ያ ሰው ለእራት እንኳ እጁን የማይታጠብ ነው።

«እንግዲህ ከታወቀ ምን ይደበቃል» ብላ እማዬ የእህቴን ወረቀት ሳበች። እስክሪብቶ አነሳች፣ አነበበች፣ ቆመች። አንድ ቃል ብቻ እንቀይር አለች። «አባቴ ሙጫ ሞላበት» የሚለውን «አንድ ሠራተኛችን ሙጫ ሞላበት» እናድርገው። ሠራተኛ ኖሮን አያውቅም። ያልተወለደ ሰው ፈጥራ ልታሸክመው ነው። 

«አልቀይርም» አለች እህቴ። «ወይ ፈርሚ፣ ወይ ልቅር።»

«አባትሽ ነው እኮ።»

«ለዚያ ነው የጻፍኩት።»

እማዬ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ተመለከተች። ውሃው አሁንም ይፈሳል። ከመፈረሟ በፊት ያደረገችውን ልንገራችሁ፦ ጣቷን ምላሷ ላይ አስነክታ፣ ወረቀቱ ላይ የነበረችውን የሻይ ጠብታ አበሰች። ንጹህ መስሎ እንዲሄድ። ከዚያ ፈረመች። ደግነት አልነበረም፤ የሚደበቅ ነገር አልቆባት ነው። እህቴ ግን ፊርማውን እንጂ ምክንያቱን አልጠየቀችም፤ ወረቀቱን ቀለሙ ሳይደርቅ ነጠቀቻት። ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረች፦ ዛሬ ለልጅቷ እናት ነገርኳት።

ዓርብ በአራት ሰዓት አስገባችው። መልስ ገና ነው። የትምህርት ቤታችን አማካሪ መምህር ጽሑፉን አንብቦ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚጽፍ ሰው ወይ ይቀበሉታል ወይ ይፈሩታል ብሏታል።

አባዬ ዳቦ ቤት አልሄደም። ሥራ በዝቶብኛል ይላል። እህቴ ከሱቁ ጀርባ አዲሱን ድንጋይ መጠረብ ጀምራለች፤ እሱ ሲያልፍ መሮውን ታቆማለች፣ ካለፈ በኋላ ትቀጥላለች። ከሁለት በር ማዶ ሴትዮዋ እየጠበቀች ነው፤ አንድ መቶ እርምጃ አይሞላም፣ ቆጥሬዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ዳቦ ግዢ ብላ ላከችኝ። ከዚያኛው ዳቦ ቤት፣ አለችኝ፤ ከገበያው ማዶ ካለው። ለምን ብዬ ጠየቅኳት፣ ዛሬ ከዚያኛው አምሮኛል አለች። ያ ዳቦ ቤት ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል፣ ዳቦው ደግሞ መሀሉ ጥሬ ነው፤ ስትቆርሰው እንደ ማስቲካ ይሳባል። አልሄድም ማለት እችል ነበር፤ ለሌላ ነገር ሁሉ አፌ ይሰላል። በኋላው መንገድ ዞሬ ሄጄ ገዛሁ።

እህቴ ዳቦውን አይታ የት እንደተገዛ ገባት። ሻዩን ብቻ ጠጥታ ወደ ድንጋዩ ወጣች። አባዬ አራት በላ፣ እማዬ ሁለት። እኔ ሦስት።