ጋራ ዲማ ላይ የቀሩት

ሩፈይዳ መንደራ ቆጪ በሚባል የከተማ ሰፈር ውስጥ ጠባብ ፎቶ ቤት አላት። የምትኖረው ከሠርግና ከጉርድ ፎቶ በምታገኘው ነው፤ ልቧ ግን ሁልጊዜ ከሊሙ ገነት ባሻገር ያለው ጋራ ዲማ ላይ ነበር። የቡናው እርሻ ካለቀበት በላይ ብቻውን የቆመ ቀይ የድንጋይ ተራራ ነው። በበጋ ጠዋት ጉም ቡናውን ሁሉ ሲሸፍነው እሱ ከላይ ቀልቶ ይታያል። ሥራ በሌላት ቀን በሚኒባስ ትሄድና ካሜራዋን አንግታ ስትወጣ ማንም ወዴት ነሽ ብሏት አያውቅም። ሰዉ ሣር ያጭድበታል፣ ሙሽሮች ይወጡበታል፤ የታችኛው መንደር ሙስሊሞችም ሙታናቸውን የሚቀብሩት ትከሻው ላይ ካለችው ዋንዛ ሥር ነበር።

አምና ተራራው ለአንድ ኩባንያ ተሰጠ። ፓርክና ሎጅ ይሆናል ተባለ። ዙሪያው በሽቦ ታጠረ፣ ዘበኛ ቆመበት። መቃብር መዘየር ለሚፈልግ ዓርብ ዓርብ ይፈቀዳል ብለው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ እሱም ቀረ።

የታችኛው መንደር ሰው የነበሩት አሮጊቷ አዴ አፊፋ ወደ ፎቶ ቤቱ የመጡት ከአረፋ በኋላ ነው። ባላቸውን ሸኩርን እዚያ ቀብረው፣ ሰቶ ሰመሮ ከሚባለው ሰፈር ልጃቸው ሐጂራ ዘንድ ከገቡ ወዲህ በየአረፋው እየሄዱ ዱዓ ያደርጉ ነበር። ዘንድሮ በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ቢጓዙ ዘበኞች ከበሩ መለሷቸው። ሲሞቱም ጎኑ እንዲቀበሩ ለሐጂራ ተናዘው እንደነበር እያለቀሱ ለሩፈይዳ ነገሯት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ተራራውን ታውቂዋለሽ» አሏት። «እኔን ካላስገቡኝ መቃብሩን ፎቶ አንሥተሽ አምጪልኝ። እያየሁት ዱዓ ላድርግ።»

ሩፈይዳ በመጀመሪያ የኩባንያው ቢሮ ሄዳ ፈቃድ ጠየቀች። ነገ ተመለሺ እያሉ ካመላለሷት በኋላ፣ ካሜራ የሚገባው በኩባንያው ሰዎች እጅ ብቻ ነው አሏት። ስለዚህ በጀርባ በኩል፣ በቡናው መሃል አድርጋ በሽቦው ሥር ሾልካ ገባች።

ትከሻው ላይ ስትደርስ ቦታው ጠፋባት። ዋንዛዋ ከሥሯ ተቆርጣለች። መሬቱ በዶዘር ተጠርጎ ቀይ ጭቃ ሆኗል። የመቃብሮቹ ድንጋዮች ለመኪና መንገዱ ጠርዝ ተደርድረዋል። ካሜራዋን አውጥታ ማንሣት ጀመረች፤ ብዙም ሳታነሣ ዘበኛው ደረሰባት።

ሀቢቡላህ ይባላል፤ የታችኛው መንደር ልጅ ነው። አልጮኸባትም። ካሜራውን ተቀብሎ ሜሞሪ ካርዱን አወጣና በጣቶቹ መሃል ሰብሮ ካሜራውን መለሰላት።

«እህቴ እዚህ ነው የተቀበረችው» አላት ፊቷን ሳያይ። «ዶዘሩ ሲገባ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ሂጂ፣ ሌላ ሰው ሳያይሽ።»

ባዶ እጇን ተመለሰች። ፎቶ ቤቷ ውስጥ ግን ከአጥሩ በፊት ያነሣችው፣ ዋንዛዋና የሸኩር መቃብር ጎልተው የሚታዩበት ፎቶ ነበራት። እሱን አሳጥባ ለአዴ አፊፋ ብትሰጣቸው ማንም አይጎዳም ብላ አሰበች። ወሰደችላቸውም። አሮጊቷ ቢስሚላህ ብለው ተቀበሉና ድንጋዮቹን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ዋንዛዋ ዘንድሮም አብባ እንደሆነ ጠየቋት።

ሩፈይዳ አዎ ልትል ብላ ተወችው።

«አዴ፣ ይሄ የድሮ ነው» አለች። «አሁን እዚያ መቃብር የለም። ጠርገውታል።»

ሐጂራ ከጓዳ ወጥታ ምን ነበር ዝም ብትዪ ብላ ተቆጣቻት። አዴ አፊፋ ልጃቸውን በእጃቸው ዝም አሰኙና አጥንቱን የት እንዳደረጉት ጠየቁ። ሩፈይዳ አላውቅም አለች። እሳቸውም ፎቶውን በግንባሩ ደፍተው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ወሬው የደረሳቸው የታችኛው መንደር ሽማግሌዎች የሩፈይዳን የድሮ ፎቶዎች ይዘው ለወረዳው አቤት አሉ። የተቀበላቸው ሹም ፎቶዎቹን አገላብጦ አየና ድንጋይና ዛፍ እንጂ መቃብር አይታየኝም አላቸው። በሳምንቱ ሁለት ሰዎች ፎቶ ቤቱ ገብተው፣ ሩፈይዳ ስለ ተራራው ማውራት ካላቆመች የንግድ ፈቃዷን እንድትረሳው ነግረዋት ወጡ።

አዴ አፊፋ ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ሐጂራ፣ መቃብሩ እንደሌለ እያወቀች፣ ኑዛዜያቸውን አላፈርስም ብላ ጀናዛውን እስከ ተራራው በር አስጫነች። በሩ አልተከፈተም። ወንዶቹ ጭቃው ላይ ተሰልፈው ሰገዱባቸው። ከአጥሩ ውጭ ቡና ያለው አንድ ገበሬ ከማሳው ጥግ ቦታ ሰጠና እዚያው ተቀበሩ።

ወንዶቹ ሲበተኑ ሐጂራና ሩፈይዳ ወደ መቃብሩ ቀረቡ። ዝናቡ ያካፋል። ገበሬው የእሱም ማሳ ለሎጁ ማስፋፊያ ተለክቷል መባሉን ነግሯቸው ነበር።

«አንሺው» አለች ሐጂራ። «የገበሬው ቤትም ይታይ፣ መንገዱም ይታይ። በኋላ ድንጋይ ነው እንዳይሉን።»

ሩፈይዳ ካሜራውን በነጠላዋ ከዝናቡ ከልላ አነሣች። ሐጂራም ከመቃብሩ ራስጌ ሄዳ ቆመች፤ ፊቷ በደንብ እንዲታይ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች።