ከጥርሱ ጀርባ የቀረው ሲሚንቶ

መሪጌታ ወንዳፈረው ከሸዋ መጥተው ሆሳዕና ከተማ ዜማ መምራት ከጀመሩ ወዲህ ድምፃቸውን የሚስተካከል አልተገኘም። ጉዳቸው የመጣው በፊት ጥርሳቸው ነው። ሥሩ መግል ቋጥሮ ሲያሰቃያቸው ያየ ሁሉ «ይነቀል» አለ፤ እሳቸው ግን አሻፈረኝ አሉ። ጥርሱ ከወለቀ ቃላቸው እየሾለከ ሕዝቡን ያስቃል፤ ያን ጊዜ ሰይፈሥላሴ የሚባለው ተቀናቃኛቸው ቦታቸውን መውሰዱ ነው።

አዲስ አበባ ከአንድ ፈረንጅ የጥርስ ሕክምና ተምሮ የተመለሰው ኃይለመለኮት «ሳልነቅል አድነዋለሁ» አላቸው። በዐቢይ ጾም አንድ ረቡዕ ጠዋት ጥርሱን ከኋላ ቦርቡሮ ሥሩን አጸዳና ቀዳዳውን በጥርስ ሲሚንቶ ደፈነው። ከዚያም ውሃ በብርጭቆ አቀበላቸው።

«ይጉመጥመጡ፣ የኔታ። ትርፉ ሳይደርቅ ልጥረገው።»

መሪጌታ አፋቸውን ግጥም አደረጉ። ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ በአፋቸው ሊዞር? ይህን ለአንድ ጎረምሳ ማስረዳት ደግሞ ክብራቸው አልፈቀደም። ሐኪሙ ጥጥ ሊያነሣ ዞር ሲል ጋቢያቸውን አጣፍተው ውልቅ!

ሕመሙ እውነትም ለቀቃቸው። ከጥርሱ ጀርባ ግን የሲሚንቶ ጉብታ ደርቆ ቀረ። ለሆሳዕና በዓል ሲለማመዱ ምላሳቸው እሱ ላይ እየተደናቀፈ «ሳ» ባሉ ቁጥር ፉጨት ወጣ። በጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉና የሚሸፍንላቸው አልነበረም። ሰይፈሥላሴ መቋሚያውን ተደግፎ ሳቁን በሳል ደበቀ።

«ሐኪም ተብዬው አበላሸኝ! ነገ አስነቅለዋለሁ!» እያሉ ቤታቸው ገቡ።

ባለቤታቸው ባፈና ባሏን ታውቃለች። «አጽድቶ ጨርሶ ነው የለቀቀዎት?»

ጋቢያቸውን ማጠፍ ያዙ።

«መሪጌታ?»

«ውሃ ሰጠኝ… ጾመኛ ነኝ እኮ» አሉ ግድግዳውን እያዩ።

ባፈና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ታዲያ ጾሜን ስፈታ ልምጣ ቢሉት ምን ነበረበት? ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን።»

ዓርብ ኃይለመለኮት በቀጭን መፋቂያ ጉብታውን ቀስ እያለ ይፍቀው ጀመር። ሥሩ የሞተ ጥርስ ቶሎ ይሰበራል። ድንገት አንድ ነገር ቀጭ አለ። መሪጌታ የወንበሩን ክንድ ጨመደዱ።

«ጥርሴ ነው?»

«ሲሚንቶው ነው፤ ይኸውልዎት።»

የቀረውን አልኮል በነካ ጥጥ ጠርጎ ብርጭቆውን ሰጣቸው። ተጉመጠመጡ፤ ተፉ፤ ደግመው ተጉመጠመጡ። ምላሳቸውን ከጥርሱ ጀርባ አሳለፉት፤ ልስልስ ብሏል። እዚያው ወንበሩ ላይ «ሆሳዕና!» ብለው ሲለቁት የመንገድ ሰው ሁሉ ቆሞ አዳመጠ። ባፈና ከደስታዋ ብዛት እልል አለች።

እሑድ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ዘንባባ የያዘውን ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው። ሰይፈሥላሴም ከተቀባዮቹ መካከል ቆሞ ተቀበለ። ሕዝቡ ሲበተን ጉንጩን ይዞ ጠጋ አላቸው።

«የኔታ፣ ያ ሐኪም… የመንጋጋ ጥርስም ያክማል?»

መሪጌታ ያን ጥርሳቸውን እስከ ድዱ እያሳዩ ሳቁ።

«ያክማል። ግን ጾምህን ፈትተህ ሂድ፤ ተጉመጥመጥ ሲልህም እንዳትሸሽ።»